የአንለይ ልጅ

ደብረ ማርቆስ ዘንቧል፤ መብራት ሄዶ መጣ።
ከሉማሜ ሠርግ ቤት የተረፈ ጣጣ፣
የሦስት ሰው ዓይን በልቷል፤ ጠርሙሱ ጥሩ ነው፣
ያሸተተው ሁሉ «ደግ አረቄ» ያለው።

ደጊቱ አንለይ አንዲት ጠብታ ወሰደች፣
አየር በሌለበት ሰባብራ ሰደደች።
የገበያው ሚዛን ቅቤ ነው የሚያውቀው፣
የሷ ሚዛን ደግሞ ሲበር ነው የሚለካው።
መርዙ ሠላሳ ሁለት፣ መጠጡ አርባ ስድስት፤
በዚያች አሥራ አራት ሦስት ሰው ጨለመበት።

ብልቃጥ አጣቢዋ፣ ከኋላዋ ቆሜ፣
«የአንለይ ልጅ ለየች!» አልኳት ተገርሜ።

አልሳቀችም።
ቅጹ ላይ «ያወጣችው ማን ናት?» ለሚለው
«ሚዛኑ ስም አያውቅም» ብላ ጻፈች።
ከዚያ ጠርሙሱን መልሳ ከደነች፣
ጨርቅ በተጠመጠመበት ቆረቆንዳ፣
ልክ አክስቷ ለፋሲካ እንደምትልክልን።