ባዝራዋ አይደለችም

ሊንከንሽር ይሉታል፤ ውኃ ያዘለ ሜዳ፣
ሰማዩ የተኛበት፣ እንደ እርጥብ ቆዳ።
በዚያ አገር ቄስ ነበር፣ አምብሮዝ ዊሎቢ፣
ከቦይ ቦይ የሚዞር፣ የቃላት ሰብሳቢ፤
እርሳሱ ከጆሮው፣ ወረቀቱ ከኪሱ፣
ስብከቱን ቢረሳ፣ ቃል አይጠፋው ከራሱ።

ጥቅምት ነው፤ ጭጋጉ እንደ ጭድ ከጣራ ወርዶ፣
ከቲርዛ ሞወር ጋጣ ደረሰ ማልዶ።
"ወይዘሮ ሞወር፣" አላት፣ "አንድ ነገር ልጠይቅ፤
ሌሊት ደረት ላይ ወጥቶ እስትንፋስ የሚያንቅ፣
እጅ እግርን አስሮ፣ ዓይንን ብቻ የሚተው፣
ያ ክፉ መንፈስ እዚህ መጠሪያው ምንድነው?"

(እኛ ዱካክ እንላለን። ቃሉ ራሱ ይከብዳል፤
"ካክ" ሲል ጉሮሮ ተዘግቶ ትንፋሽ መልሶ ይወርዳል።)

ቲርዛ ከሣሩ ላይ ቀና አላለችም።
"ናይትሜር ነው፣" አለች። "የማያውቃት የለም።
ናይት ሌሊት ነው፤ ሜር ማለት ደግሞ ባዝራ፤
በጣራ ትገባለች፣ መብራት ሳትፈራ።
ይዩት ያንን ድንጋይ፣ ከበሩ በላይ ያሰርኩት፤
ባሕር የበሳው ነው፣ መሮ አይደለም ያበጀለት፤
ኤኖክ ነው ያመጣልኝ፣ ቦዩ ሳይበላው በፊት።
እሷ እንዳትገባ ነው።
ገባች ግን። ከቀብሩ ማግሥት።"

ሳይታወቃት ዓይኗ ወደ ዳምሰን ዞረ፤
ባሏ የገዛት ባዝራ፣ ጋማዋ የተቋጠረ፣
ካበጠሯት ወር ያለፋት፣ ላቧ ጨው የጋገረ።
ቲርዛ ለቅዳሜ ገበያ ልትሸጣት ቆርጣ ነበረ።

ቄሱ ግን፣ "አይደለችም!" አለ፤ ደስታው እንደ ልጅ ነው።
"ሞክሼ ናቸው እንጂ ደም አያገናኛቸው።
የጥንቶቹ 'ሜር' ሲሉ ፈረስ አላሰቡም፤
ደረት ላይ የምትቀመጥ መንፈስ ናት፤ ኮቴ የላትም።
ኖርዌይ ቢሻገሩ ቅዠትን የሚሉት
'የማሬ ግልቢያ' ነው፤ እሷው ናት ጋላቢት።
ፈረንሳይ 'ኮሽማር' ሲል ጅራቱ የሷ ስም፣
ራሱ ደግሞ 'መርገጥ' ነው፤ ስሟ የትም አይቀርም።"

"ሥሩስ?"

"ሥሩ ያከራክራል። አንዱ ሊቅ 'መፍጨት' ይላል፣
ሌላው 'መሞት' ነው ይላል። እኔ እንጃ። ይጨልማል።"

"ፈረስስ?" አለች ደግማ፣ ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ።
"ትጋልባለች ይላሉ፣ የጋማው ቋጠሮ ልጓም ሆኖ፤
ጎህ ሲቀድ ትተዋለች፣ ከብቱ በላብ ተዘፍኖ።"

ከዚያ ጻፈ፦ "ሜር። ሴት መንፈስ። ሥሩ በውል አይታወቅም።
እማኝ፣ አንዲት ባልቴት።" የባልቴቷን ስም አልጻፈም።
ባርኔጣውን ነካ አደረገ።
ጭጋጉ ዋጠው።

ሌሊት መጣች ሜር።
ደረቷ ላይ ተቀመጠች፣ እንደ ቦይ ውኃ ቀዝቅዛ፣
እንደ ረጠበ ካፖርት፣ የኤኖክን ክብደት ይዛ።
ጩኸት አልወጣም። የጣራውን ማገር ቆጠረች፤ ስድስት፣ ሰባት፣
ስምንት ላይ ትንሿ ጣት ነቃች፣ ከዚያም እግሯ ታዘዛት።

ፋኖስ ይዛ ወጣች። ድንጋዩን ከክሩ ፈታች።
በቀዳዳው መንፈስ ይታያል ይሉ ነበርና፣ ወደ ጋጣው አጮለቀች።
ሜር የለችም።
አንድ ዓይን ብቻ፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ፋኖሱ የሚዋኝበት፣
ከሥሩ ትኩስ ላብ፣ ከላዩ ጋማ፣ ሺህ ቋጠሮ ያለበት።

"አንቺንም?" አለች ቲርዛ።

ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ። ማበጠሪያም አልፈለገች፤
በጣቷ፣ አንድ በአንድ፣ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።
ዶሮ ሲጮህ
ግማሹ ገና ነበር።