ግራ እጅ

ከዒሻ በኋላም የሙሐረቅ ላብ አልደረቀም፤
ኳሷ ዓሣ ሆናለች፣ መዳፍ ላይ አታርፍም።

ሱሃይል፣ ጀርባህን ለቀለበቱ ስጥ፤
እኔን ግድግዳ አርገህ ተደገፍ፣ አትሩጥ።
ቁመቱን እናትህ ወለደችልህ፤
እርምጃውን ግን ማንም አይወልድልህ።
የተጫንኩህን ጎን ትከሻህ ይለየው፤
በባዶው በኩል ዙር፣ እግር ነው ቀዳሚው።
ኳሷን ከአገጭህ ዝቅ አታድርግ፣ ይነጥቁሃል፤
አጫጭሮች እንደ ወደብ ድመት እታች ያደቡብሃል።

አሁን በግራህ።
ሳቀ። «ቤት እኮ በግራ አይበላም፣ ኮች።»
«ሜዳ ላይ ይበላል። ብላ።»

አርባ ጊዜ ሰሌዳውን፣ አርባ ጊዜ ጎኔን መታ፤
ጠዋት ሹፌሩ ነኝ፣ አሠልጣኙ ግን ማታ ማታ።

አርባ አንደኛው ላይ መረቡ ሹክ አለ።
ሱሃይል ወደ እኔ አልዞረም፤
ግራ እጁን ገልብጦ አየው፣
መሽቶበት በር እንዳንኳኳ እንግዳ።