ድጋሚ ውረድ

እንጀራዬ ፍሬን ነው። ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ፣
ካሚዮን ሁሉ ይመጣል፣ ጎማው እንደ ድስት ግሎ፤
ሸራ አውልቄ፣ ታምቡር ሞርጄ፣ በናፍጣ አጥቤ፣
"ሐረጎን በማርሽ ውረድ!" እላለሁ፣ ለሾፌሩ አስቤ።

እሑድ ግን፣ ጋራዡ ተዘግቶ፣ እጄ ላይ ግራሶ ሳይኖር፣
በአራጋው ስልክ እናያለን፣ መስታወቱ ቢሰበር፣
ፎርት ዊልያም በዝናቧ፣ ሌኦጋንግ በጭቃዋ፣
ቫል ዲ ሶሌ አንጀቷ ወጥቶ፣ ሥር ብቻ ነው ገላዋ።
ሌንዘርሃይዴ ለአፍ ብትከብድ፣ "ዘሪሁን" አልናት አሳጥረን።

ሕጉን ለሰው ሳስረዳ፣ ሰው ይስቃል፦ "እሽቅድምድም፣
ተፎካካሪ ሳይኖር? ከፊት የለ፣ ከኋላ የለም?"
አንድ ሰው ነው፣ እላለሁ፤ አንድ ብስክሌት፣ አንድ ገደል፤
ባላጋራው ሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ አይታለል።
በማጣሪያው የፈጠነ፣ በፍጻሜው ይዘገያል፤
መጨረሻ ይወርዳል፣ ሁሉም ወርዶ እሱን ያያል።
ከገመዱ የወጣ ጎማ፣ በወጣበት ይመለስ፤
አቋራጭ የሄደ ይሰረዛል። (ምነው ይህ ሕግ ደሴ ቢደርስ!)
እስካሁን የበለጠው ሰው፣ ወንበር አለው፣ ይቀመጣል፤
ላቡ ሳይደርቅ ሌላ መጥቶ "ተነሣ" እስኪለው ይቀልጣል።
ቀይ ባንዲራ ካየህ ቁም፤ ከፊትህ ሰው ወድቋል፣ በቃ፤
ድጋሚ ትወርዳለህ፤ አትቆጠርብህም ያች ደቂቃ።
ከሕጉ ሁሉ ይኼን ወደድኩ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ።

ባለፈው እሑድ፣ በሴቶቹ፣ የመጨረሻዋ ስትነሣ፣
መጀመሪያው ቍጥር አረንጓዴ፣ ሦስት መቶኛ ቀንሳ፤
ሁለተኛው ቀይ። አራጋው ትንፋሹን ውጦ ዝም።
ሦስተኛው አረንጓዴ። ከዚያ፣ መብራት የለም፣ ኔትወርክም የለም።
ጦሳ በላያችን ጥቁር፣ ደሴ በሥሩ ጥቁር፤
ያች ልጅ እስከ ዛሬ አየር ላይ ናት፣ ጎማዋ አልነካም ምድር።

ሰኞ ጋሽ እንድሪስ፣ "ይኼን ሸራ ኮምቦልቻ አድርስ" አለኝ፤
የሚኒባስ ብር ቆጥሮ፣ ሳንቲሙን ሳይቀር ሰጠኝ።
ብሩን ኪሴ ከተትኩና፣ ብስክሌቴን አወጣሁና፣
(የፍሬን ሠሪ ብስክሌት፣ ፍሬኗ አንድ ብቻ ናትና)
ሉባባ፣ የእህቴ ልጅ፣ ቦርከና ድልድይ ላይ ቆማ፣
ሰዓት ያዘችልኝ። "ጀምር!" ስትል በስልክ ተሰማ።

ሐረጎ ጠመዝማዛ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤
አንደኛው ኩርባ፣ ሁለተኛው፤ ጣቴ ፍሬኑን አልነካም፤
ጆሮዬን ነፋስ ሞላው፣ ዓይኔን እንባ፣ ልቤን ሳቅ፤
ሦስተኛው፣ አራተኛው፤
ከዚያ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ቀይ ጨርቅ።

በለስ ሻጯ ዘምዘም ናት፤ የባልዲዋን ልባስ ገፍፋ
ታውለበልባለች። ከኩርባው ወዲያ፣ አይሱዙ ተደፋ።
ሾፌሩ ቦይ ዳር ተቀምጧል፤ ደህና ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤
ሽንኩርቱ ብቻ፣ ያለ ሰዓት፣ ወደ ኮምቦልቻ ይሮጣል።

አንዷን ፍሬኔን ጨበጥኳት። ጮኸች። ቆመች፣ ዘምዘም እግር ሥር።
"አብደሃል?" አለች። "ባልቆም ኖሮ..." አልኩ፤ አልጨረስኩም ነገር።
ከመኪናው ሥር አጎነበስኩ፤ የኋላው ሸራ ተልጧል፣ አልቋል።
የኔ እጅ ሥራ አይደለም።
ሁለቴ አየሁት። ልብ መች ያምናል።

ስልኬ ጮኸ። "የት ደረስክ? ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ!"
"ቀይ ባንዲራ ወጣ" አልኳት። ትንፋሿ ትንሽ አረፈ።
"በል ከላይ ጀምር" አለች፤ ሕጉን ከኔ በላይ ታውቃለች፤
"ሰዓቱን ዜሮ አድርጌዋለሁ። ቁርሴን ግን በልቻለሁ" አለች።

እዚያ ማዶ ወራጁን፣ በገመድ ወንበር ያወጡታል፤
እኔን ማን? የሚያልፈው መኪና በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል፤
ዘምዘም የላጠችልኝን በለስ ጉንጬ ውስጥ ይዤ እገፋለሁ።
የኮምቦልቻው ሸራ ጀርባዬ ላይ። ጋሽ እንድሪስ ሁለቴ ደውሏል፤ አውቃለሁ።

ኔትወርክ መጥቷል። ያች ልጅ ማሸነፏን አለማሸነፏን
አሁን ማየት እችላለሁ፤ አንድ ጣት ነው።

አላየሁም።
ገና አንድ ኩርባ ነው የወጣሁት።