የግራው መብራት

ካራ ባልታ ከተማ፣ ከተራራው እግር፣
አንድ ኮንቴይነር አለኝ፣ ዝገት የበላው በር።
እዚያ ነው የምሸጥ አምፖልና ፊውዝ፣
ለሾፌር የሚሆን ትንሽ ትንሽ ጓዝ።
ስሜ ቡሩል ነበር፤ ሾፌሮቹ ሁሉ
«አምፖሏ ሴትዮ» ብለው ይጠራሉ።

ሃያ ሁለት ክረምት እዚህ በር ላይ ቆሜ
አንድ ነገር አወቅሁ፦
ሰው ጎማውን ያያል፣
ዘይቱን ይለካል፣ ባትሪውን ይነካል፤
መብራቱ ላይ ሲደርስ፣ «ነገ ይሆናል» ይላል።

ኦሮዝቤክ መጣ፣ ዱቄት ጭኖ፣ በጥር፣
አሮጌ መኪናው ያስለው ነበር።
የግራው መብራት ድርግም ብሎ ጠፍቷል፤
የቀኙ መስታወት ቢጫ ለብሷል፣
የወፍ በሽታ የያዘው ዓይን ይመስላል።
«ጥንድ ነው የሚለወጠው» አልሁት፣
«አንዱ ሲሞት ሌላው ከፈኑን ይለካል።
መስታወቱን ደግሞ በጥርስ ሳሙና እሸው፣
ቢጫው ይለቅልሃል፣ ወጪው የሻይ ነው።»
«አንዱ ይበራል» አለኝ። «ጨረቃም አንድ ናት፤
ማን ጎደለሽ ብሎ ሁለተኛ ገዛላት?»
ሳቅሁ።
ጥፋቴ ይኸው ነው። የሚያስቅ ሰው ፊት
ቁጣ አይወጣልኝም።

በዚያው ሌሊት ደግሞ ወንድሜ ጁማባይ
ከሱሳሚር ሜዳ ወደ እኛ ይወርዳል።
መኪናው ጃፓን ሠራሽ፣ መሪው በቀኝ በኩል፤
መብራቱ የተቃኘ በግራ ለሚነዳ አገር፣
በእኛ መንገድ ሲመጣ የሰው ዓይን የሚቆፍር።
ስንቴ ነግሬዋለሁ! ለባዳ የምመክር፣
የገዛ ወንድሜን ማረም ያቃተኝ ነገር።

ከዋሻው በታች፣ ስድስተኛው ጥምዝ ላይ
አንዲት ብርሃን መጣች፣ ብቻዋን፣ ዳር ይዛ።
«ሞተር ብስክሌት ነው» አለ ጁማባይ፣
መንገዱ ሰፋለት፣ ወደ መሐል ገባ።

ሞተር ብስክሌት! በጥር! በሦስት ሺህ ሜትር!
ትንፋሽ ጢም ላይ ደርቆ በሚሰበርበት!
ዓይን ግን አያስብም። አንድ ብርሃን ሲያይ
አንድ ቀጭን ነገር ይስላል ከኋላው።
የጠፋው ግራው ነው፣ የመሐል መንገዱ ጎን፤
የኦሮዝቤክ መኪና ግማሹ
ጨለማ ውስጥ ተደብቆ ይመጣ ነበር።

ኦሮዝቤክስ ምን አየ? ምንም።
የወንድሜ መብራት ዓይኑ ውስጥ ፈሰሰ፣
እንደ ተደፋ ወተት።
አንዱን የብርሃን ማነስ፣ አንዱን የብርሃን መብዛት
እኩል አሳወራቸው።

መስታወት ከመስታወት ተሳመ፣ ተነቀለ።
ሁለት ጆንያ ዱቄት በረዶ ላይ ፈነዳ፤
ነጩን ከነጭ ማን ይለቅመዋል?
ወረዱ። ተሰዳደቡ። እናት አባት ተነሣ።
ከዚያ ኦሮዝቤክ የኋላ ጎማውን አየ፦
ከገደሉ ጫፍ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።
ዝም አለ።
ጁማባይም ዝም አለ።

ወንድሜ መሳቢያውን ከፈተ። አምና የሰጠሁት
ሁለት አምፖል፣ ከነካርቶኑ፣ ሳይፈታ።
በስልክ ብርሃን፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣
«በባዶ ጣት አትንካው» ይለዋል፣ «በመሐረብ ያዘው፤
የጣት ወዝ ያለበት መስታወት ሲግል ይሰነጠቃል።»
የእኔን ቃል! የእኔን ቃል በቃል!
ለካ ይሰማኝ ነበር።

ንጋት ላይ ሱቄ ደጅ መኪና ቆመ፣
አንድ ጆሮ እንደ ጎደለው ውሻ።
ሰላም አላለኝም። አምስት እርምጃ ርቆ
ፊቱን ወደ በሬ አዙሮ፣ መብራቱን አበራ፣
«ብሎን መፍቻ አምጪ» አለኝ።

በዝገቱ ላይ ሁለት ክብ አረፈ፣
አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ።
እኔ በሩን ተደግፌ ቆምሁ፣
ከወዲያ የሚመጣውን ሰው ሆኜ።
«ዝቅ» አልሁት። «ገና ነው። ትንሽ ዝቅ።»
ብርሃኑ ከዓይኔ ወረደ፣ ከአገጬ፣ ከደረቴ፣
ጉልበቴ ላይ ደርሶ ተቀመጠ።
ያኔ ነው የወንድሜን ፊት ያየሁት።