የአንድ እግር ሱሪ

ሰዓት እላፊ ነው፤ ደንበጫ ተኝቷል፤
የየሽወርቅ ኳስ ቤት ከውስጥ ተቆልፏል።
የገባ አይወጣም፤ ንጋት ነው መውጫው፤
ሃያ ብር ለኳሱ፣ አምስት ለማደሪያው።
አግዳሚው አልጋ ነው፣ ካፖርቱ ትራስ፤
ኅዳር ነው፤ ብርዱ ነው አጥንት የሚልስ።

"እነሱ ጋ" አለ ልየው የባጃጁ፣
"ፀሐይ ናት አሁንም፤ ገና ምሳ ፈጁ።"

ለእንግሊዙ ሊግማ ሁሉም ደብር አለው፤
አንዱ አርሴ ይሳለማል፣ አንዱ ማንቼ ነው።
የደቡብ አሜሪካ የክለቦች ፍጻሜ፣
ማን አለኝ እዚያ ማዶ? አክስቴ ወይ እትሜ?

ቲቸር ሙሉአዳም፣ ጂኦግራፊ መምህር፣
ጠመኔ ያልለቀቀው ጣቱን ቀስሮ በአየር፣
"አንደኛው" አለ "ከተማው ተራራ ላይ ነው፤
ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሊሞላው
ጥቂት የቀረው፤ ዳመና በር የሚያንኳኳው።
ሁለተኛው ወደብ፤ አሸዋና ጨው፤
ሰዉ ቀኑን ሙሉ ጥላ ፈላጊ ነው።"

በቃ! ከዚያ ወዲያ ማን ስም ይጠይቃል?
ደጋና ቆላ ነው፤ ሕፃንም ያውቀዋል።

ይበልጣል ልብስ ሰፊው፣ የጮቄ ሥር ልጅ፣
"ደጋው ወንድሜ ነው፣ ባዳ አይደለም እንጅ!
ገብስ በልቶ ያደገ ሳንባው አይደክምም፣
ዳገት የለመደን ሜዳ አያስፈራውም።"

አንሙት ሚዛን ያዡ፣ የእህል በረንዳው፣
እትብቱ ዓባይ በረሃ፣ ማሽላው መሐል ነው፤
ዝግ ብሎ መለሰ፣ ሚዛን እንደሚያርስ፦
"ደገኛ ጋቢውን አውልቆ ሳይጨርስ፣
ቆለኛው ሦስት አግብቶ ላቡን ነው የሚያብስ።"

"ደጋው ቢሸነፍ" አለ ይበልጣል "ሱሪ በነፃ ልስፋ።"
"ቆላው ቢሸነፍ፣ ግማሽ ኩንታል በቆሎ ከጆንያዬ ይጥፋ።"
"በሚዛን?"
"በሚዛን።"
"አውራ ጣትህ ሳይደግፋት?" ቤቱ በሳቅ ተደፋ።

ዘጠና ደቂቃ፤ አንድ ለአንድ።
ሠላሳ ተጨመረ፤ አንድ ለአንድ።
ፍጹም ቅጣት ምት፤ አራት ለአራት።
የሽወርቅ ብሯን መቁጠር ትታ ቆመች፤
"ወዮ ልጄን!" አለች፣
የትኛውን ልጅ እንደሆነ እሷም አላወቀች።
የደጋው መቺ ኳሷን አስቀመጠ፤
አነሣት፤ ደግሞ አስቀመጠ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወደ ኋላ ሄደ፤
ወገቡን ያዘ፤
ሮጠ፤

መብራት ሄደ።

ማንም አልተነፈሰ።
ቲቪው ጠፍቷል፣ ብርሃኑ ዓይናችን ላይ ቀርቷል፤
እዚያ ውስጥ ልጁ ገና ይሮጣል።
"ገባ!"
"ወጣ!"
"አየሁት እኮ!"
"በምን ዓይንህ? በጨለማ?"
ልየው ስልኩን አወጣ፤ ፊቱ ሰማያዊ ሆነ።
"ኔትወርክ የለም" አለ።
ኔትወርክ ከጠፋ ወራት አልፎታል፤
ያወጣው ለወጉ ነው።
ውጭ መኪና አለፈ። ውሻ ጮኸ። ዝም አልን።
ማን እንደሚያልፍ አንዳችንም አልጠየቅን።
ደጋና ቆላ በአንድ ጋቢ ተኙ፣
አንሙት በግድግዳው በኩል፣ ይበልጣል በበሩ።

ማክሰኞ አንድ አይሱዙ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቆመ፣
ጎማው ተንፍሶ። ሾፌሩን ከበብነው።
"ማን በላ?"
"ምኑን?"
"ዋንጫውን! የደቡብ አሜሪካውን!"
ክሪኩን እያዞረ ቀና ብሎ አየን፤
"አርሴ አቻ ወጣ" አለ። "ሌላ ኳስ አለ እንዴ?"

ይበልጣል ሐቀኛ ሰው ነው።
ሙሉውን ቢሰፋ ደጋን በገዛ እጁ መጣል ሊሆንበት፤
ዝም ቢል፣ ነገ ወሬው ደርሶ ሊያሳፍረው፤
እና አንድ እግር ሰፋ። የግራውን።
ኪስ አወጣለት፤ ጠርዙን ቀመቀመው።
አንሙትም ሩብ ኩንታል አመጣ፤
ሲመዝን ሁለት እጁን ከጀርባው አጣምሮ ቆመ፣
ሰው ሁሉ እንዲያየው።

ሱሪው ዛሬም ከሲንጀሩ በላይ ተሰቅሏል።
መንገደኛ ገባ ይልና ያየዋል፤
ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዘመኑን ያውቃልና፦
"እግሩን ያጣው ማን ነው? የማን ልጅ?"
"ማንም አላጣ" ይላል ይበልጣል፣
መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ፣
"ኳሷ ገና አየር ላይ ናት።"