ከአልጋው ሥር

ከሮዶፒ ተራራ ውርጭ ሳይወርድ ገና፣
በማለዳ ወጣች ጓሮ ሩሳና።
ሐረጉ ጠውልጓል፣ ቅጠሉ ረግፏል፤
ሰባት ዱባ ብቻ መሬቱን ታቅፏል።

ቢላዋ ይዛለች፤ ግን ስትቆርጠው
እትብቱን አስረዝማ ነው የምትተወው፤
«አንገቱ የተሰበረ ገናን አይሻገር»፣
እንዲህ ይል ነበረ ስታመን ሲናገር፣
በእጀታው አንጠልጥላ ስታነሳ ካያት
«አንቺ ዱባ!» ብሎ፣ ስቆ እየሰደባት።

አላጠበቻቸውም። በደረቅ ጨርቅ ብቻ
አፈር ጠረገችና፣ በግድግዳው ዳርቻ
ፀሐይ አሞቀቻቸው አሥር ቀን ሙሉ፣
ቆዳቸው ጠንክሮ፣ ጥፍሯን እምቢ እስኪሉ።
ማታ ማታ ደግሞ ብርድ ልብስ ታለብሳለች፤
ለዱባ! ጎረቤት ዶብሪንካ ትስቃለች።

የት ይደሩ ታዲያ?
ምድር ቤት እርጥብ ነው፣ ጣሪያ ሥር አይጥ አለ፣
አምና በምድጃው ዳር ግማሹ ቆሰለ።
ከአልጋው ሥር፣ በስታመን ወገን፣
ቦት ጫማው ተቀምጧል፣ ጭቃው እንደደረቀ፤
ሁለት ዓመት ሞላው፣ ከዚያ አልተነቀነቀ።

ቆማ አየችው።
አወጣችው።
ገለባ ጎዘጎዘች፣ ሰባቱን ደረደረች፣
እንዳይነካኩ አድርጋ፣ በመሐል ጣት እያስቀረች።

ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት እጇን ትሰዳለች፣
አንድ አንዱን በጨለማ ትዳስሳለች፤
የላላ ካገኘች፣ ያ ነው የነገ ምሳ።

የካቲት ሲያበቃ አንድ ዱባ ቀረ፤
ቢላ ሲገባበት እንደ እንጨት ተሰበረ።
ፍሬውን አድርቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣
በግራ ጫማው ውስጥ ከተተች፤ ከኋላ
በሩን ስትዘጋ፣ ሳይሰማት ጎረቤት፣
«አንተ ዱባ!» አለች፣ ለባዶው መኝታ ቤት።