ምስር የምታክል ጭርምት

ደብረ ሲና ሐዲድ የላትም፤ ኖሯትም አያውቅ።
ጉሙ ከጣርማ በር ሲወርድ፣ ደጁን ሁሉ ሲደብቅ፣
ጋሽ እንግዳሸት መስኮት ሥር፣ አምፖሉን ዝቅ አድርጎ
ባቡር ይሠራል ከቆርቆሮ፤ ራሱን ብቻ፣ ያለ ፉርጎ።

የሸሚን ደፈር ሰው ነበር። እንጨትና ከሰል ቀርቶ
ናፍጣ በነገሠበት ዘመን፣ ከዚህ ዳገት በልጅነቱ ወጥቶ
ድሬዳዋ፣ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ሞተር ሲፈታ የኖረ፤ ዛሬም ናፍጣ ይሸታል አካሉ።
ጡረታ ሲወጣ ያመጣው አንድ ፎቶ፣ አንድ ካሊፐር፣
ሁሉን ለሰማንያ ሰባት ማካፈል፣ በሚሊ በሚሊ መስፈር።

የጃንጥላ ሽቦ መሰላሏ፣ የፀጉር መርፌ መያዣዋ፣
ከሞተ ራዲዮ የተነቀለች ብረት ማቀዝቀዣዋ።

እኔ አጉሊ መነጽር ያዥ ነኝ፤ የእህቱ ልጅ፣ ዓይኔ ደህና።
"ብሎን ቁጠሪ" ይለኛል። እቆጥራለሁ እንደገና።
አሥራ አራት ነው በዚህ በኩል። ፎቶው አሥራ ሦስት ይላል።
"አንዱ ወድቆ ነበር" ብሎ፣ አንዱን በወረንጦ ይነቅላል።

ቀለሙ ግን አስቸገረ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው።
ቀዩ መስመር ከመስኮቷ በላይ ነው? ወይስ ከሥር ነው?
ስልክ መታ ወደ መኢሶ፣ ለጥንቱ ነጂ ለሮብሌ።
"ከሥር ነው" አለው እየሳቀ፤ "በእጄ አልነበር የማጥባት ሁሌ?
ይልቅ ግራ ጎኗን ሠራኸው?"
"የቱን?"
"አፍደም ላይ ግመል የገጨን ለት የተጨረመተውን!
አንተ አይደለህ ልታቃናት መዶሻ ያነሳኸው፣
'ተዋት፣ ትታወቅበት' ብለህ ያኔውኑ የረሳኸው?"

ዝም አለ ጋሽ እንግዳሸት።
ውጪ አንድ ሲኖትራክ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ያቃስታል ቁልቁለት።
"አንዱ ኢንጀክተር ያንጠባጥባል" አለ፣ ቀና ሳይልለት።

ከዚያ፣ ስድስት ወር የለፋበትን፣ ቀለሙ ትናንት የደረቀውን፣
በሻይ ማንኪያ እጀታ ጫን አደረገው ግራ ጎኗን።

ምስር የምታክል ጭርምት።
እኔ ጮህኩ። እሱ ግን፣ መሥራት ከጀመረ ወዲህ
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቁጥሯ ጠራት።

"ሐዲዱስ?" አልኩት በኋላ፤ "በምን ላይ ልትሄድ?"
መስኮቱን አየ፤ ጉም ብቻ። ከስኳር ዕቃው እስከ ጠርዙ
በስንዝሩ ለካው መንገድ።
"ይህን ያህል ይበቃታል" አለ።
"ከዚያ ወዲያ ተነቅሏል።"